ጠርዙን ትታችሁ ውሃውን ተከተሉ



ዛሬ የማወራችሁ በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ፣ በባሕር ዳር ስለቆመው ነጭ ገደልና በዚያ አገር በብስክሌት ስለመጓዝ ነው። ከሌ ሃቭር ወደብ እስከ ሌ ትሬፖር ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋውን ይህን ዳርቻ ፈረንሳዮች የአልባስጥሮስ ዳርቻ ይሉታል። አልባስጥሮስ ግን የለበትም፤ ገደሉ ጠመኔ ነው። በብዙ ቦታ ከ60 እስከ 100 ሜትር ይቆማል፤ ከፌካን ከተማ በላይ ካፕ ፋኜ በሚባለው ስፍራ ደግሞ ከ100 ሜትር ያልፋል።

ወደዚያ የሚሄደው ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነው። መኪናውን ኤትርታ በምትባለው መንደር ያቆማል፣ ገደሉ ጫፍ ይወጣል፣ ባሕሩ የፈለፈለውን የድንጋይ ቅስትና አጠገቡ የቆመውን ሹል ዓለት ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። አይፈረድበትም፤ ያ ዓለት ከ50 ሜትር በላይ ከውሃው ወጥቶ ሲታይ ዓይን ይይዛል። እኔ የምሟገተው ግን ለሌላ መንገድ ነው። ያ አገር ጠርዝ ላይ ቆሞ በማየት አይገባም። የሚገባው ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በመከተል ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከብስክሌት የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ምክንያቴን በቅደም ተከተል ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድንጋዩ ልጀምር። በ1868 ቶማስ ሃክስሊ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ሊቅ ኖሪች በምትባል ከተማ ለሠራተኞች ዲስኩር አድርጎ ነበር። ርእሱ አንድ ቁራጭ ጠመኔ ነበር። አናጢ እንጨት ላይ ለማስመር በኪሱ ከሚይዛት ቁራጭ ተነስቶ የምድርን ረጅም ታሪክ ለእጅ ሥራ ሰዎች ዘረዘረላቸው። ስለዚህ ምሽቱን ስለ ጠመኔ ላወራችሁ መነሳቴ ያለ አርአያ አይደለም።

የኖርማንዲው ጠመኔ የተደራረበው ዛሬ ደረቅ ምድር የሆነው ቦታ ሞቃት ባሕር በነበረበት ዘመን፣ ከዛሬ 90 ሚሊዮን ዓመት በፊትና በዚያ ግድም ነው። በውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖሩ ነበር። ሰውነታቸውን የሚሸፍኑት በካልሲየም ካርቦኔት ቅርፊቶች ነው። ሲሞቱ ቅርፊቶቹ ወደ ባሕሩ ወለል ይረግፋሉ፤ ይህ ሳይቋረጥ ሚሊዮን ዓመታት ሲቀጥል በመቶ ሜትሮች የሚለካ ነጭ ንብብር ተሠራ። ገደሉን ከባሕሩ በኩል ብታዩት በነጩ መካከል ጥቋቁር አግድም መስመሮች አሉ። እነዚያ ባልጩት ናቸው። የስፖንጅና የመሰሎቹ ፍጥረታት አጽም ሲሊካ ነበረበት፤ ሲሊካው በጭቃው ውስጥ ሟምቶ እንደገና ጠጠረና ባልጩት ሆነ። ነጩን በጥፍር መፋቅ ይቻላል፤ ጥቁሩ ግን ብረት ይጭራል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ጠመኔ ሲያዩት ድፍን ድንጋይ ይመስላል እንጂ ከይዘቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህሉ ባዶ ቀዳዳ ነው። በዚያ ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰነጣጠቀ ነው። ዝናብ ሲዘንብበት ውሃው በላዩ አይጎርፍም፣ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ይህን አንድ ጠባይ ያዙልኝ። ሸለቆው ለምን ደረቅ እንደሆነ፣ መንደሩ ለምን እዚያ እንደተሠራ፣ ገበሬው ለምን ኩሬ እንደሚቆፍር፣ ገደሉም ለምን እንደሚናድ የሚነግረን ይህ ጠባይ ነው።

ወደ መሣሪያችን ስንመጣ፣ ብስክሌት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከከተማ ወደ ከተማ ከተደረጉት ረጅም የብስክሌት ውድድሮች የመጀመሪያው የሚባለው በኖቬምበር 1869 ከፓሪስ ተነስቶ የኖርማንዲ ዋና ከተማ ሩዋን ላይ ነው የተጠናቀቀው። በዚያችው ሩዋን የተወለደው ሞሪስ ለብላን ዓለም የሚያውቀው በፈጠረው ሌባ በአርሴን ሉፓን ነው፤ በ1909 ባወጣው ልብ ወለድ የኤትርታን ሹል ዓለት ውስጡ ባዶ የሆነ የምስጢር ግምጃ ቤት አድርጎታል። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1898፣ በብስክሌት አገር ስለሚዞሩ ሁለት ባልና ሚስቶች መጽሐፍ ጽፏል። ያኔ ብስክሌት ለብዙኃኑ ገና አዲስ ነገር ነበር። የባቡር ሐዲድ በማይደርስበት መንገድ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ በራሱ ጉልበት የሚሄድ መንገደኛ ያን ጊዜ መታየት ጀመረ።

እንግዲህ ኮርቻው ላይ እንውጣ። ካርታ ላይ ከኤትርታ እስከ ፌካን 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለጀማሪ አንድ ሰዓት የሚበቃው ይመስላል፤ ላይኛው ምድር እኮ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ሜዳው ግን በየጥቂቱ ይቆረጣል። መንገዱ ድንገት ያዘቀዝቃል፣ ዛፎች ከግራና ከቀኝ ይገጥማሉ፣ ፍሬኑ ይጮኻል፣ ሸለቆው ወለል ላይ ጥቂት ቤቶችና የጠጠር ዳርቻ ይገኛሉ። ከዚያ ልክ የወረዳችሁትን ያህል መውጣት ነው። ከአሥር በመቶ የሚበልጥ ተዳፋት እዚያ ብርቅ አይደለም። አቀበቱን ጨርሳችሁ ትንፋሻችሁ ሳይመለስ የሚቀጥለው ሸለቆ ይጠብቃችኋል።

የሚገርመው ከእነዚህ ሸለቆዎች ብዙዎቹ ወንዝ የላቸውም። ወንዝ ከሌለ ታዲያ ማን ቆረጣቸው? መልሱ ያለው በበረዶው ዘመን ነው። ምድሩ በጥልቀት በረዶ ሆኖ በነበረበት ጊዜ የጠመኔው ቀዳዳና ስንጥቅ ሁሉ ተደፈነ። በበጋ የሚቀልጠው በረዶ መስረጊያ ሲያጣ በላዩ ጎረፈና ሸለቆ ቆረጠ። አየሩ ሞቆ መሬቱ ሲፈታ ውሃው እንደገና ወደ ውስጥ ሰረገ፤ ሸለቆው ደርቆ ቀረ። ባሕሩ በበኩሉ ገደሉን ወደ ኋላ እየገፋ መጣ። ሸለቆው ወለሉን ዝቅ የሚያደርግለት ወንዝ ስለሌለው ከአንዳንዶቹ አፍ እስከ ባሕሩ ብዙ ሜትር ቀጥ ያለ ግድግዳ ተፈጠረ። የአገሩ ሰዎች ቫለዝ ይሏቸዋል። ወርዳችሁ ባሕሩን እየሰማችሁ ደረጃ ካልተሠራላችሁ በቀር ውሃው ዘንድ አትደርሱም።

መኪና ነጂ ይህን ሁሉ በማርሽ ቅያሬ ያልፈዋል። ብስክሌተኛው ግን ይከፍላል። እስቲ ዋጋውን እናስላ። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ሻንጣው በድምሩ 100 ኪሎ ቢሆኑ 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ወደ 98 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። የሰው አካል ከሚበላው ጉልበት አንድ አራተኛውን ያህል ነው ወደ ፔዳል የሚያደርሰው፤ ስለዚህ ከምግብ 95 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይወጣል፣ የአንድ ሙዝ ያህል። በቀን እንዲህ ያሉ አሥር ሸለቆዎች የሚያቋርጥ ሰው ሜዳ ላይ ከሚያወጣው ሌላ አሥር ሙዝ ዕዳ አለበት። ለዚህ ነው ማርሽ ላይ መሰሰት የማያዋጣው። የፊተኛው ትንሹ ማርሽና የኋለኛው ትልቁ ማርሽ የጥርሳቸው ቁጥር እኩል ከሆነ አንድ የፔዳል ዙር ብስክሌቱን 2.1 ሜትር ያህል ያስኬደዋል። ሻንጣ ለጫነ ሰው ከዚያም ያነሰ ቢሆን ይመረጣል። ቀስ ብሎ ተቀምጦ የሚወጣ ይደርሳል፤ ቆሞ የሚታገል ሦስተኛው ሸለቆ ላይ ብስክሌቱን ይገፋል።

እነዚህን አቀበቶች ከእኛ ሰፈር በደንብ የሚያውቃቸው አንድ ሰው አለ። ጁላይ 9 ቀን 2015 የቱር ደ ፍራንስ ስድስተኛው ቀን ውድድር ከአቤቪል ተነስቶ በዚሁ ዳርቻ አልፎ ከ191.5 ኪሎ ሜትር በኋላ ሌ ሃቭር ላይ አበቃ። በቀኑ ነጥብ የሚሰጥባቸው ሦስት አቀበቶች ነበሩ፤ የዲየፕ፣ የፑርቪልና የቲየል። ሦስቱም በቱሩ መመዘኛ ትንሾች ናቸው፣ አንድ አንድ ነጥብ ብቻ ነው ያላቸው። ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ከሁለት ሌሎች ጋር ገና ከመነሻው ከብዙኃኑ ተገንጥሎ ወጣና ሦስቱንም ቀድሞ ረገጣቸው። ማታ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን የተራራ ንጉሥ ማልያ ለበሰ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። በዓመቱ ጽጋቡ ግርማይ በዚያው ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አልፕስንና ፒሬኔን የሚያውቁ ጋዜጠኞች ያን ቀን ስለ አቀበቶቹ ትንሽነት ሳይናገሩ አልቀሩም። ፑርቪልን ሻንጣ ጭኖ የወጣ ሰው ግን ነጥቡ ለማን እንደሚገባ ያውቃል።

አሁን ሜዳው ላይ ወጣን። ይህ የኮ ምድር የሚባለው ደጋ ነው። አፈሩ ለም ነው፣ እርሻው ሰፊ ነው፣ ወንዝ ግን አይታይም። ዝናብ የማያጣው ይህ አረንጓዴ አገር ላዩ ላይ የሚፈስ ውሃ የለውም። የጥንት ገበሬዎች ይህን ችግር የፈቱት በጠመኔው ላይ የተነጠፈውን ሸክላማ አፈር ተጠቅመው ነው፤ ሸክላ ውሃ ይይዛልና ኩሬ ቆፈሩ። ዛሬም በየመንደሩ መሀልና በየግቢው ኩሬው አለ፣ ዳክዬ ይዋኝበታል። ገበሬው ግቢውን ከባሕር ከሚመጣው ነፋስ የሚከልለው ዙሪያውን የአፈር ክትር ሠርቶ በላዩ ረጃጅም ዛፎች በረድፍ በመትከል ነው። ውስጡ ቤቱ፣ ጎተራው፣ የፖም ዛፎቹ፣ ከብቶቹ አሉ። ከሩቅ ስታዩት ሜዳው መሀል ትንሽ ጫካ የበቀለ ይመስላችኋል፤ ስትቀርቡ ጫካው በር አለው፣ ውሻም አለው።

ብስክሌተኛው ታዲያ ጠርሙሱ ሲያልቅበት ምን ያደርጋል? የመንደር ሱቅ ብዙ ቦታ ተዘግቷል፤ ቡና ቤቱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በፈረንሳይ ገጠር የዞረ ሁሉ የሚያውቀው ብልሃት የመቃብር ቦታ መፈለግ ነው። መቃብር አበባ አለው፣ አበባ ውሃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቧንቧ አለ። መቃብሩ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከሩቅ በሾጣጣ ጣሪያው ይታወቃል። የብረት በሩን ገፋ አድርጋችሁ ስትገቡ ግድግዳው ጥግ ላይ አረንጓዴ የአበባ ማጠጫዎች ተደርድረዋል፣ አንዳንዱ ጋ ባለቤቶቹ በሰንሰለት አስረዋቸዋል። ቧንቧው ላይ የማይጠጣ ነው የሚል ጽሑፍ መኖሩን አንብቡ። ከሌለ ትንሽ አፍስሳችሁ ቅዱ። ውሃው በጋም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው፤ የመጣው ከመሬቱ ሥር፣ ከዚያው ከጠመኔው ሆድ ነውና። በማደሪያችሁ የሚፈላው የዚያ አገር ውሃ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ትቶ ሲሄድ ያ ገደል በትንሹ ተከትሎ መጣ ማለት ነው።

በዚህ ሜዳ ላይ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቀው ተክል አለ። ተልባ! እኛ ዘንድ የሚዘራው ለፍሬው ነው፤ በጾም ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ተብሎም ተተርቶበታል። በኖርማንዲ የሚፈለገው ግን ግንዱ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ የተልባ እግር የሚለው ልብስ የሚሠራበት ቃጫ። ለጨርቅ የሚሆን ተልባ በማምረት ከዓለም የመጀመሪያዋ ፈረንሳይ ናት፤ የኮ ምድር ደግሞ ከዋነኞቹ እርሻዎች አንዱ ነው። በጁን ወር ጠዋት በዚያ ያለፈ ሰው ሜዳው ሰማያዊ ሆኖ ያገኘዋል። አበባው ማለዳ ይከፈታል፣ እኩለ ቀን ግድም ይረግፋል። ከምሳ በኋላ የመጣ ብስክሌተኛ አረንጓዴ ብቻ አይቶ ያልፋል።

በጁላይ ተልባው ይነቀላል እንጂ አይታጨድም፤ ቃጫው ከሥሩ ጀምሮ እንዲገኝ። ተነቅሎም ወዲያው ወደ ፋብሪካ አይሄድም። መሬት ላይ በረድፍ ተነጥፎ ለሳምንታት ይተዋል። ጤዛና ዝናብ ሲያረጥቡት ጀርሞች ቃጫውን ከግንዱ ጋር ያጣበቀውን ሙጫ ይበሉታል። ግንዱ ከአረንጓዴ ወደ ወርቃማ፣ ከወርቃማ ወደ ግራጫ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ሜዳው እርጥብ ጭድ ይሸታል። ዝናቡ ከበዛ ቃጫው ራሱ ይበሰብሳል፣ ካነሰ ከግንዱ አይላቀቅም። የባሕር ዳሩ እርጥበትና የሚለዋወጥ ፀሐዩ ለዚህ ሥራ የተመቸ ስለሆነ ነው ተልባው እዚያ የከበረው።

እስካሁን የገባውን ውሃ ነው ያየነው። አሁን ወደሚወጣበት እንውረድ። ጠመኔው የጠጣው ዝናብ በስንጥቆቹ ተጉዞ በሸለቆዎቹ ሥርና በገደሉ እግር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ይህን በአንድ ጊዜ ሙሉውን ለማየት ቬል ሌ ሮዝ የምትባለው መንደር ትበቃለች። እዚያ ቬል የሚባል ወንዝ አለ፤ ርዝመቱ 1.1 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ወደ ባሕር ከሚገቡት የፈረንሳይ ወንዞች አጭሩ እርሱ መሆኑ ይነገርለታል። ብስክሌታችሁን በእጅ እየገፋችሁ ከምንጩ እስከ አፉ ለመሄድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ምንጩ ላይ ክሬሶን የሚባል፣ የፌጦ ዘመድ የሆነና ምላስ የሚቆነጥጥ ቅጠል በተከተረ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ይመረታል። ዝቅ ሲሉ የወፍጮ መንኮራኩሮች አሉ፤ ያች ትንሽ ወንዝ በጊዜዋ ብዙ ወፍጮ ታዞር ነበር። የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች ጓሯቸው ወንዙ ነው። ከዚያ ጠጠሩ፣ ከዚያ ባሕሩ። ሜዳው ላይ ለሰዓታት ያጣችሁት ወንዝ እዚህ ሙሉ ዕድሜውን በአንድ መንደር ጨረሰ።

ኤትርታም ፎቶ ከመሆኗ በፊት የውሃ ታሪክ ነበራት። ከመሬት ሥር የሚመጣው ጣፋጭ ውሃ በባሕሩ ዳርቻ በጠጠሩ መሀል ይፈልቃል። ባሕሩ ሲጎድል የመንደሩ ሴቶች ጠጠሩን ቆፈር አድርገው ጉድጓድ ያበጁና ልብስ በዚያ ያጥቡ ነበር፤ ባሕሩ ሲመለስ ጠቅልለው ይሄዱ ነበር። ሠዓሊው ኧዤን ቡዳን አጣቢዎቹን ስሏቸዋል። ጨዋማው ውሃ በተመለሰ ቁጥር የሚጠፋና በሄደ ቁጥር እንደገና የሚቆፈር ጓዳ ነበራቸው ማለት ነው። ትልልቆቹ ከተሞች ዲየፕና ፌካንም የተቆረቆሩት ወንዝ ገደሉን በጣሰበት አፍ ላይ ነው፤ መርከብ የሚገባበት ሌላ በር የለምና። ከፌካን ወጣቶች ለኮድ ዓሣ እስከ ኒውፋውንድላንድ ድረስ አትላንቲክን ያቋርጡ ነበር። አሁን ከከተማዋ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ በ2024 ሥራ የጀመሩ 71 የነፋስ ተርባይኖች ይታያሉ።

ባልጩቱንም አንርሳው። ጠመኔው ሲናድ ነጩ በባሕሩ ውስጥ ይሟሟል፣ ባሕሩንም ወተት ያስመስለዋል። ጥቁሩ ባልጩት ግን አይሟሟም፤ ማዕበሉ እያንከባለለ ድብልብል ጠጠር ያደርገዋል። በዚያ ዳርቻ አሸዋ ፈልጎ የሄደ ጠጠር ነው የሚያገኘው። ይህ ጠጠር በኦገስት 19 ቀን 1942 ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት ጦሮች ወደ 6,000 የሚጠጉ ወታደሮች፣ አብዛኞቹ ካናዳውያን፣ በዲየፕና በአካባቢዋ አውርደው ነበር። ታንኮቹ ከጀልባ ወርደው ጠጠሩ ላይ ሲወጡ ድንጋዩ በሰንሰለታቸው ውስጥ እየገባ የአንዳንዱን ሰንሰለት በጠሰው፤ ሌሎቹ እየማሱ ሰመጡ። በገደሉ ላይ የመሸጉት ጀርመኖች ከላይ ያዩዋቸው ነበር። ከ900 የሚበልጡ ካናዳውያን ሞቱ። ዛሬ በዚያ ዳርቻ ሕፃናት ጠጠር ወደ ውሃው ይወረውራሉ። ማስታወሻ ብሎ ወደ ቤት መውሰድ ግን ክልክል ነው፣ ያስቀጣልም፤ ማዕበሉ ገደሉን በቀጥታ እንዳይመታ የሚያበርደው ያ ጠጠር ስለሆነ።

ለብስክሌተኛም ባልጩት ነገር አለው። ሲሰበር እንደ ምላጭ ስለታም ነው፤ ዝናብ ከእርሻ ወደ አስፋልት ያወርደዋል። ቀጭን የውድድር ጎማ ይዞ የመጣ ሰው መንገድ ዳር ሲለጥፍ ይውላል። 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሆዱ የተጠናከረ ጎማ ይዛችሁ ሂዱ። የተነፈሰ ጎማ ስትቀይሩ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጥ በጣታችሁ በጥንቃቄ ዳብሱ፤ ስባሪው እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል።

አሁን ወደ ጠርዙ መምጣት እንችላለን። ብዙ ሰው ገደሉን የሚበላው ባሕሩ ብቻ ይመስለዋል። ባሕሩ እግሩን ይቦረቡረዋል፣ እውነት ነው። ከላይ ግን የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ ጠመኔው ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ይላላል፤ ውርጭ ሲመጣ በስንጥቁ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና ይፈለቅቀዋል። አገሩን የሠራው ያው ውሃ አገሩን ያፈርሰዋል። ጠርዙ በአማካይ በዓመት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አማካይ ግን ያታልላል። አንዱ ቦታ ለብዙ ዓመት አይነቃነቅም፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት ብዙ ሜትር ይወርዳል።

ቫራንዥቪል ላይ ገደሉ ጫፍ የቅዱስ ቫለሪ ቤተ ክርስቲያን ከነመቃብሩ ቆሟል። ሠዓሊው ዦርዥ ብራክ ለቤተ ክርስቲያኑ የመስተዋት ሥዕል ሠርቶለታል፤ በ1963 ሲሞትም እዚያው ተቀብሯል። ጠርዙ ወደ መቃብሮቹ እየቀረበ ነው። ክሪየል በምትባለው መንደር ደግሞ ገደሉ የደረሰባቸው ቤቶች ባለቤቶቻቸው ካሣ ተከፍሏቸው ፈርሰዋል። በዚያ አገር ሁሉንም በግንብ ማዳን እንደማይቻል ተቀብለዋል፤ ብዙ ቦታ የሚደረገው መንገዱንና ቤቱን ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ትክክል ይመስለኛል። አንዱ ጋ የተሠራ ግንብ የጠጠሩን ጉዞ ስለሚያግድ ለጎረቤቱ ጦስ ይሆናል።

ከሥርም ቢሆን ባሕሩ አይታመንም። በዲየፕ ግድም ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ ከ8 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ገደሉና ባሕሩ መሀል የተያዘ ሰው መውጫ የለውም። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ በ1885 ኤትርታ ላይ ሲስል የባሕሩን ሰዓት አሳስቶ ማዕበል ከነሸራው አንስቶ ገደሉ ላይ መትቶታል፤ ሰውየው ተረፈ፣ ሥዕሉ ግን ሄደ። የባሕሩን ሰዓት የሚያሳየው ሰሌዳ በየከተማው አለ፤ ወደ ዳርቻው ከመውረዳችሁ በፊት አንብቡት።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለእናንተ መናገሬ ከንቱ ይሆናል። ይህ ጠመኔ ከሌ ትሬፖር ወዲያም አያበቃም፤ ካሌ አጠገብ እንደገና ብቅ ይላል፣ ባሕሩን ተሻግሮ የዶቨር ነጭ ገደል ይሆናል። ሁለቱ በጥንት ጊዜ አንድ ሸንተረር ነበሩ፤ የበረዶው ዘመን ጎርፍ ነው የቆረጣቸው። ካሌ ላይ በ2015 እና በ2016 ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ከእንጨትና ከሸራ የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ይጸልዩ ነበር። በጠራ ቀን ከዚያ ዳርቻ የእንግሊዝ ገደል ይታያል። እኔ ለመዝናናት ብስክሌት የምነዳበት ዳርቻና እነርሱ ሌሊት መሻገሪያ የሚጠብቁበት ዳርቻ አንድ ድንጋይ ነው፤ የለየን ፓስፖርት ነው። እዚያ ስትጓዙ አቀበቱ ስለከበዳችሁ ብታማርሩም ይህን አትርሱት።

ለመሄድ ለሚያስብ ጥቂት ምክር ልጨምር። ነፋሱ በብዛት የሚነሳው ከደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ከሌ ሃቭር ወደ ሌ ትሬፖር ብትጓዙ ከኋላ ይገፋችኋል። ሁለቱም ከተሞች ባቡር አላቸው፤ በመካከል ዲየፕም አላት። ከዲየፕ ወደ ደቡብ በድሮው የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ የብስክሌት መንገድ አለ፤ ከለንደን እስከ ፓሪስ የሚዘልቀው ጎዳና አካል ነው፣ አቀበት ለጠላ ሰው ጥሩ ማረፊያ ይሆናል። ገደሉ ጫፍ ላይ ያለው ቀጭን መንገድ የእግረኛ ነው፤ ብስክሌት አይገባበትም፣ ማንም ቢሆን ጠርዙን አይጠጋም። እናንተ በውስጥ የገጠር መንገዶች ሂዱ፣ ወደ ባሕሩ በየሸለቆው ውረዱ። እግረኛው ጠርዙን ከእናንተ በላይ ያየዋል፤ ተልባውን፣ ኩሬውንና በዛፍ የታጠረውን ግቢ ግን አያገኝም። ባለ መኪናው ሁሉንም ያልፋል፣ ለአንዱም አይከፍልም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ነው የምለው። መጀመሪያ ሜዳው ላይ ውሃ ተጠሙ። ከዚያ ደረቁን ሸለቆ ወርዳችሁ ውጡ፣ ዋጋውን በጭናችሁ ክፈሉ። ከዚያ ምንጩን ፈልጉ፣ ቬል ላይ ቁሙ። ኤትርታን ለመጨረሻ ቀን አቆዩት። ቀድሞ ጠርዙ ላይ የቆመ ሰው ገደሉ ያማረ መሆኑን ያውቃል፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ለምን ነጭ እንደሆነ፣ ለምን እዚያ እንደቆመና ለምን እንደማይቆይ ያውቃል። ለእኔ ሁለተኛው እውቀት ለአቀበቱ ድካም በቂ ክፍያ ነው።

ስለ ጎማም፣ ስለ ጠመኔም፣ ስለ ቪዛም ቢሆን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።